ቤት ለእንቦሳ ወይስ ቤት ለጭስ?

አዲስ ቤት የገባ ሰው ዕቃ ያጣ እንደሆነ እንጂ ምክር አያጣም። እኔም አላጣሁም። ከወራት በፊት ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ስቱዲዮ ተከራየሁ። ቁልፉን ያስረከበኝ ደላላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካንተ በፊት የነበረችው ሴት ገድ አልነበራትም፤ ቤቱን አስጸዳው» አለኝ። ወለሉን መስሎኝ መጥረጊያ ገዛሁ።

ምን ማለቱ እንደነበር ያስረዳችኝ ባንክ ቤት ከጎኔ ባለው መስኮት የምትሠራ ባልደረባዬ ናት። «አሮጌ ኢነርጂ ነው» አለችና ቪዲዮ ላከችልኝ። በአራቱ ማዕዘን ጨው ይበተናል፤ ደወል ይመታል፤ ቅጠል ይጨሳል፤ በሩ ተዘግቶ የቀድሞው ነዋሪ ስሜት ከግድግዳው እንዲወጣ ይታዘዛል። እናቴ ደግሞ በስልክ፣ «ጠበል ርጭበት፤ ዕጣን አጢስበት፤ ጎረቤትህንም ቡና ጥራ» አለችኝ። የሁለቱ ምክር አንድ መሰለኝ። ሁለቱም ያው ጭስ ነውና! አንድ አለመሆናቸውን ለመረዳት አንድ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚያ ልዩነት ልሟገት ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ጭስ ጠል አድርገህ አትቁጠረኝ። ያደግሁት ከርቤና ዕጣን ባልተለየው ቤት ነው። የአገሬ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ክርስቲያኑ ካህን ጠርቶ ጠበል ያስረጫል፤ ሙስሊሙ ቁርዓን አስቀርቶ ዱዓ ያስደርጋል፤ ጴንጤውም ወዳጆቹን ሰብስቦ ይጸልያል። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይወርዳል። ልብ በሉ! በዚህ ሁሉ ውስጥ በሩ ክፍት ነው። ዋናው ልመናም «ይግባ» የሚል ነው፤ በረከት ይግባ፣ ሰላም ይግባ፣ ሰው ይግባ።

እርግጥ ነው፣ ቀበርቾና ወገርት የሚጨሱት ክፉ መንፈስ ለማባረር ነው ብሎ የሚሞግተኝ አይጠፋም። አልክድም። ነገር ግን ክፉ መንፈስ ሌላ፣ ከእኛ በፊት በቤቱ የኖረ ሰው ሌላ! አዲሱ ፋሽን ያመጣብን መዘዝ እነዚህን ሁለቱን አንድ ማድረጉ ነው። ሰው ኖሮበት የሄደው ቤት፣ ስለተኖረበት ብቻ «የቆሸሸ» ይባላል። ኀዘኑ ቆሻሻ፣ ድህነቱ ቆሻሻ፣ ትዝታው ቆሻሻ!

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። በሬን ዘግቼ፣ ጨዌን በትኜ፣ ከሰሉን አቀጣጥዬ ማጨስ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ከፊት ለፊቴ የሚኖሩ እናት ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ምን ተቃጠለ?»

«ምንም አልተቃጠለም እማማ፤ ቤቱን እያጸዳሁ ነው።»

«ከምን?»

መልስ አጣሁ። እርሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። መጀመሪያ ያደረጉት መስኮቱን መክፈት ነበር። «የከሰል ጭስ ስንቱን በተኛበት አስቀርቷል! መንፈስ አባርራለሁ ስትል አንተው መንፈስ እንዳትሆን» አሉኝ። ቀጥለውም ዙሪያውን ቃኘት አድርገው፣ «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ።

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

ሳቁብኝ። «‹እንቦሳ እሰሩ› ነው እንጂ የሚባለው! ዲግሪው ይህን አያስተምርም?»

ግጥም እጽፋለሁ የምለው ሰው በገዛ ቋንቋዬ ተመርቄ ምርቃቱን መመለስ አቃተኝ። ያን ቀን የገባኝ ሌላም ነገር አለ። ይህን ምርቃት ሰው ለራሱ ሊለው አይችልም። አንዱ ከደጅ ይላል፣ ሌላው ከውስጥ ይመልሳል። ጎረቤት የሌለበት ቤት በቋንቋችን ሥርዓት ገና አልተመረቀም ማለት ነው።

ስለ ቀድሞዋ ተከራይ ጠየቅኋቸው። «ደህና ሴት ነበረች» አሉኝ። «ከልጇ ጋር ሦስት ዓመት ኖረች። ጨምሪ፣ ጨምሪ ስትባል ቆይታ በመጨረሻ አከራይዋ ‹ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ› ብሏት ወጣች።»

እኔ ነኝ እንግዲህ ያ ልጅ! ከእርሷ የበለጠ የሚከፍል ልጅ። ደላላው «ገድ የላትም» ያላት ሴት የጎደላት ገድ ሳይሆን ገንዘብ ነበር። ከበሩ ጀርባም ልጇ በእርሳስ የጻፈው ፊደል አለ፤ ከ«ሀ» ተነሥቶ «ቀ» ላይ ይቆማል። ቀለም ልቀባበት ቆርጬ ነበር፤ ተውኩት።

አሁን ነገሩን ከእኔ ስቱዲዮ አውጥቼ ወደ ሰፈሩ ላስፋው። ሰንጋ ተራ ስሙ ራሱ ከብት ከብት ይላል። «እንቦሳ እሰሩ» የሚለው ምርቃት በቃሉ ሊፈጸም ይችል የነበረበት መሬት ነው። ዛሬ በዚያ የባንክና የኢንሹራንስ ፎቆች ቆመዋል፤ በ2009 ዓ.ም. ዕጣ የወጣባቸው የ40/60 ቤቶችም አሉ። ጥጃ በየትኛው ሊፍት ወጥቶ፣ ከየትኛው ምሰሶ ይታሰራል? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የልደታ መንደሮች ሲፈርሱ ቅድሚያ ክፍያ የቻለው ኮንዶሚኒየም ገባ፤ ያልቻለው ምትክ የቀበሌ ቤት ተሰጠው፤ ዕድርና የቡና ጽዋው ግን ተበተነ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ስንቱ ጓዙን ጠቅልሎ ተነሣ። የቀበሌ ቤት የምንለው ራሱ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሰ የሌላ ሰው ንብረት ነበር። በዚህች ከተማ በማንም ያልተኖረበት መሬት የት ይገኛል? «አሮጌው ኢነርጂ ይውጣ» ካልን ከተማይቱን በሙሉ ማጠን ሊኖርብን ነው!

የፋሽኑ ምንጭም ቢሆን ከዚህ ታሪክ ነጻ አይደለም። በቪዲዮው የሚጨሰው ነጭ ሴጅ የሚባለው ቅጠል በደቡብ ካሊፎርኒያ የሚበቅል፣ የነባሮቹ ሕዝቦች የጸሎት ቅጠል ነው። እነርሱ ከአገራቸው ተነቅለው፣ ቅጠላቸው በነቀሏቸው ሰዎች ልጆች ቤት «ማጽጃ» ሆነ። የእኛም ዕጣን ከመተማና ከትግራይ ቆላ ተለቅሞ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የኢነርጂ ማጽጃ ተብሎ ይሸጣል። እኛ ደግሞ መልሰን ትርጉሙን ከእነርሱ እንማራለን!

ለመሆኑ ይህ አደባባይ ለምን ሜክሲኮ ተባለ? ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ «ቤቱ የእኔ ነው» ባለ ጊዜ፣ ብዙ መንግሥታት አሜን ሲሉ ሜክሲኮ እምቢ ካሉት ጥቂቶች አንዷ ነበረች። ባለቤቱን አስወጥቶ የገባን ባለቤት ብዬ አልጠራም አለች። በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። የእኛው አደባባይ ባቡሩ ከመጣ ወዲህ የቀድሞ መልኩን ቢያጣም ስሙ አልጠፋም። በየቀኑ በታክሲ ረዳት አፍ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እየተባለ የሚጠራው፣ የተባረረውን ባለቤት የማይረሳ ጎረቤት ስም ነው። በዚህ አደባባይ ጥላ ሥር ተቀምጬ የተባረረችን ሴት ትዝታ በጨው ላባርር ነበርን?

ከባንክ መስኮት ኋላ ስቀመጥ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ዕዳ የሚዘጋው ሲከፈል ነው እንጂ መዝገቡ ሲታጠን አይደለም። አዲስ ቤት ገብቶ ልቡ የከበደው ሰው መጀመሪያ መስኮቱን ይክፈት። ቀጥሎ ዕጣኑን ያጢስ፤ ጸሎቱንም ያድርስ። ከዚያ ግን የፊት ለፊቱን በር አንኳኩቶ፣ «ከእኔ በፊት እዚህ ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ክብደቱ ላይለቀው ይችላል። እንዲለቀውም አልመኝለትም።

ለመሰነባበቻ ይህችን ልተውላችሁ፦

«ውጪልኝ» እላለሁ ወጥታ ለሄደችው፣
እንባዋን ጠራርጋ ቁልፍ ላስረከበችው።
መንፈስም ካለበት በዚህ ቤት የቀረ፣
እኔው ነኝ፣ «ማን ነበር?» ሳይጠይቅ የኖረ።
ና ግባ ጎረቤት፣ ጭሱ በኖ ጠፍቷል፣
ቤት ለእንቦሳ በለኝ፣ ምላሹ ተገኝቷል።

ቸር እንሰንብት!