የተበደርነው ብር ነው ወይስ ዶላር?



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ በለሆሳስ የሚወራ ነው። በገንዘብ ተጀምሮ ዝምድናን እስከማቀዝቀዝ ስለሚደርስ በግልጽ ብንነጋገርበት ይሻላል።

እንበልና አንድ ወንድም አዲስ አበባ ላይ ሱቅ ሊከፍት ፈልጎ አሜሪካ ለምትኖር እህቱ ደወለ። እሷም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. 2 ሺህ ዶላር ላከችለት። ዶላሩ በ57 ብር ተመንዝሮ 114 ሺህ ብር እጁ ገባ። «ሲሞላልህ ትመልስልኛለህ» አለችው፤ እሱም «አላህ ይጨምርልሽ» ብሎ መረቃት። ወረቀት አልተጻፈም፣ ምስክርም አልተጠራም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ወንድም ሱቁ ሠምሮለት «114 ሺህ ብርሽ ተዘጋጅቷል» ብሎ ሲደውል እህት ደነገጠች። «እኔ የላክሁልህ 2 ሺህ ዶላር ነው! ዛሬ በዚህ ብር 900 ዶላር እንኳ አይገኝም» አለችው። አንዱ ዶላር 130 ብር ቢሆን 2 ሺህ ዶላር 260 ሺህ ብር ይሆናል። በሁለቱ መካከል የ146 ሺህ ብር ልዩነት አለ ማለት ነው። አንዳቸውም አልዋሹም። ሁለቱም ግን የተበደሉ መስሏቸዋል።

ሸሪዓው ምን ይላል?

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ብድሩ በምን ነበር?» የሚለው ነው። ብድር የሚመለሰው በተበደሩት ዓይነትና መጠን ነው። ብድሩ በዶላር ከነበረ ዕዳው 2 ሺህ ዶላር ነው፤ ብር ረከሰ ብሎ ተበዳሪው ሊቀንስ አይችልም። በብር ከነበረ ደግሞ ዕዳው 114 ሺህ ብር ነው፤ ብር ረከሰ ብላ አበዳሪዋ ጭማሪ በግዴታ ልትጠይቅ አትችልም።

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ ይህንኑ ወስኗል፤ በአንድ ገንዘብ የተያዘ ዕዳ የሚከፈለው በቁጥሩ እንጂ በዋጋው አይደለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የተበደሩትን ቁጥር ከዋጋ ንረት ጋር አስሮ ማሳደግ ለወለድ (ለሪባ) በር ይከፍታል።

ጉዳዩ አዲስ እንዳልሆነም እንወቅ። የኢማም አቡ ሐኒፋ ተማሪ የነበሩት ኢማም አቡ ዩሱፍ የመዳብ ሳንቲሞች ዋጋቸው ሲለዋወጥ ዋጋቸው ይታሰብ የሚል አቋም ነበራቸው። በዘመናችንም ገንዘብ እጅግ ሲወድቅ ሁለቱ ወገኖች ጉዳቱን ተካፍለው በስምምነት (በሱልህ) ይጨርሱ የሚሉ ዑለማኦች አሉ።

የዶላር ዕዳ በብር ይከፈላል?

አዎ፣ በሁለቱ ስምምነት። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ኢብኑ ዑመር ግመል በዲናር እየሸጡ ዋጋውን በዲርሃም ይቀበሉ እንደነበር ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው፣ በዕለቱ ዋጋ እስከሆነና ሳይቆራረጡ እስካልተለያዩ ድረስ ችግር እንደሌለው ገልጸውላቸዋል። ስለዚህ የሚታሰበው የሚከፈልበት ቀን ምንዛሪ ነው። ብድሩ ሲሰጥ «በዚህ ዋጋ ትመልስልኛለህ» ብሎ አስቀድሞ መቁረጥ ግን አይፈቀድም።

ወንድም ቢጨምርስ?

ብድሩ በብር እንደነበር ሁለቱም ቢያምኑ እንኳ ወንድም በገዛ ፈቃዱ ጨምሮ ቢሰጥ የተወደደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወጣት ግመል ተበድረው ሲመልሱ ከእሱ የተሻለ ግመል ሰጥተዋል፤ ከሰዎች መልካሙ ዕዳውን አሳምሮ የሚከፍለው መሆኑንም ተናግረዋል። ሁለት ነገሮች ግን ይጠበቁ፤ ጭማሪው አስቀድሞ ቃል የተገባ እንዳይሆን፣ አበዳሪዋም እንደ መብቷ እንዳትጠይቀው። እህቱ ያበደረችው በራሷ ላብ ያገኘችውን ገንዘብ ነው። ሱቁ የቆመላት ወንድም ይህን ቢያስታውስ የሸሪዓውን ወሰን ሳያልፍ ልቧን ማከም ይችላል።

መክፈል እየቻሉ ማዘግየት ደግሞ በሐዲስ ግፍ ተብሏል። ብር በየወሩ ዋጋው ሲወርድ የሚያዘገይ ሰው የአበዳሪውን ሐቅ እየሸረሸረ መሆኑን ይወቅ። በእውነት ላጣ ሰው ግን ቁርኣን ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል።

ከማበደራችሁ በፊት

1. የብድሩን ዓይነት በስሙ ጥሩ። «2 ሺህ ዶላር አበድሬሃለሁ» ወይም «114 ሺህ ብር አበድሬሃለሁ» በሉ። «ትንሽ ገንዘብ» ብላችሁ አትለፉት።

2. የብር መርከስ ካሳሰባችሁ ያላችሁን ወርቅ በግራም መዝናችሁ ማበደር ትችላላችሁ፤ 20 ግራም የወሰደ 20 ግራም ይመልሳል። ወርቁ ግን በእርግጥ ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ። ብር ሰጥቶ «ወርቅ ነው» ማለት አያስኬድም።

3. ጻፉ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው 282ኛው አንቀጽ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው መጻፍን አትሰልቹ ይለናል። ቃሉን የሚያስጽፈው ደግሞ ተበዳሪው ነው፤ ዕዳውን በገዛ አንደበቱ እንዲያምን። ዛሬ ይህ ለመጀመር ቀላል ነው፤ ተበዳሪው በስልኩ «ይህን ያህል ዶላር ተበድሬያለሁ፣ እስከዚህ ቀን እመልሳለሁ» ብሎ ይላክ፣ ምስክሮችም ይወቁት።

ሳይጻፍ ያለፈ ብድር ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ተደዋወሉ። የተላላካችሁትን መልእክት አብራችሁ ተመልከቱ፤ ዓይነቱ ካልታወቀ የምታምኑትን ዓሊም በመካከላችሁ አስቀምጡና ተስማሙ። ከዘመድ ጋር «እንጻፈው» ማለት የሚያሳፍራችሁ ካለ አንቀጹ የወረደው ለሚተማመኑ ሰዎችም ጭምር መሆኑን አስታውሱ። ለአንድ ደቂቃ ማፈር ወንድምንና እህትን ከማጣት ይቀላል።

ወሰላሙ ዐለይኩም።