ቃል መያዝ ብቻ የብልህነት ሚዛን አይደለም

የካይሮው አል-አዝሃር ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የሚመጡ ደረሶችን ለዘመናት ተቀብሎ አስተምሯል። በመስጊዱ ውስጥ «የጀበርቶች ሪዋቅ» የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። ዝነኛው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከዚሁ ከጀበርት ምድር ሲሆን፣ አባታቸው ሸይኽ ሐሰንም በሒሳብና በሥነ ፈለክ ዕውቀታቸው የታወቁ ነበሩ።

ዛሬም ወደ ካይሮ የሚሄድ ወጣት፣ ቁርኣንን በአገሩ ሐፍዞ ሳለ የመምህሩን ረጅም የዐረብኛ ማብራሪያ መከታተል ሊያቅተው ይችላል። ያን ጊዜ «ቃል ይይዛል እንጂ አያስብም» የሚል ፍርድ ይቸኩልበታል። ፍርዱ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል።

ሐፊዙ በልቡ ያኖረው የረጅም ጊዜ ትውስታ ነው። የሰሙትን የስልክ ቁጥር እስኪጽፉት ድረስ መያዝ ደግሞ የአጭር ጊዜ ትውስታ ይባላል። ያንኑ ቁጥር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መጥራት ግን ከመያዝ ያለፈ ነው፤ እየያዙ መሥራትን ይጠይቃል። ብሪታንያውያኑ አለን ባድሊና ግራሃም ሂች እ.ኤ.አ. በ1974 «የሥራ ትውስታ» ብለው ያብራሩት ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ከማገናዘብ ችሎታ ጋር ይበልጥ የሚዛመደው ቃላትን ወይም ቁጥሮችን መልሶ መጥራት ሳይሆን ይህ የሥራ ትውስታ ነው። ይሁን እንጂ ተዛማጅ መሆን አንድ መሆን አይደለም፤ ብልህነት ከሥራ ትውስታ ይሰፋል።

የዚህ ትውስታ ስፍራ በጣም ጠባብ ነው። ኔልሰን ካወን እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረቡት ግምት በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ያህል ነገሮችን ብቻ ነው። ዐረብኛውን በልቡ ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚያዳምጥ ደረሳ ከዚህ ጠባብ ስፍራ ከፊሉን ለትርጉም ይሰጣል፤ ለማሰብ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የጎደለው አእምሮ ሳይሆን ቦታ ነው። ቋንቋው ሲለመድ ሸክሙ ይቀላል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይነሣል። የትውስታ ጨዋታዎችን ደጋግሞ መጫወት አጠቃላይ ብልህነትን ስለማሳደጉ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። ይልቅ መምህሩ ትምህርቱን በአጭር በአጭሩ ቢከፍል፣ ዋና ዋና ቃላቱን አስቀድሞ በሰሌዳ ቢጽፍ፣ ቀድመው የመጡ ደረሶችም ለአዲሱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢያስረዱት ይጠቅማል። ዕውቀት ፈላጊን ከመመዘን አስቀድሞ የተሸከመውን ማየት ፍትሕ ነው።