የክረምት የጽሕፈት እገዛና የሶለል ግጥም

ክረምት ሲገባ መደበኛ ተማሪዎች ከግቢ ይወጣሉ፤ በምትካቸው የክረምት መርሃ ግብር ተማሪ የሆኑ መምህራን ይገባሉ። በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎቻችን ለእነዚህ ተማሪዎች የሚሰጠው የጽሕፈት እገዛ ብዙውን ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍን ሰዋስው ከማረም አያልፍም። የግጥም ምሽትና የመጽሐፍ ውይይት በአንጻሩ የመደበኛው ተማሪ ድርሻ ሆነዋል። በእኔ እምነት ሁለቱ ሊነጣጠሉ አይገባም።

በአማራ ክልል እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። ይሁንና ተማሪው በዚህ ቋንቋ የሚጽፈው በአብዛኛው የፈተና መልስና የተገለበጠ ማስታወሻ ነው፤ የራሱን ምልከታ በራሱ ዐረፍተ ነገር የማስፈር ልምድ ሳያዳብር ለሁለተኛ ዲግሪ ይደርሳል። እርማት የተሳሳተውን ግሥ ያቃናል፤ ሐሳብ ለጎደለው ጽሑፍ ግን ሐሳብ አያበጅለትም።

ሐሳቡ ከደጃችን አለ። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ጎብዬን እንውሰድ። በዚህ በራያ ቆቦ ምድር የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ ልጃገረዶች ከቤት ቤት እየዞሩ በዜማና በጭፈራ ሶለልን ያከብራሉ። ይህ የቃል ግጥም መድረክ የሚዘረጋው የክረምት ተማሪው ለጥናቱ ርእስ በሚያፈላልግበት ሰሞን ነው።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተማሪው ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጠይቆ ጥቂት ስንኞችን ይሰብስብ፤ በአማርኛ ይጻፍ፤ ወደ እንግሊዝኛ ይመልስ፤ አጭር ሐተታም ያክልበት። ትርጉሙ ራሱ ያስተምረዋል። አማርኛ በ«አንተ»፣ በ«አንቺ» እና በ«እርስዎ» የሚለየውን ጾታና አክብሮት እንግሊዝኛ በአንድ ተውላጠ ስም ይጠቀልለዋል፤ የጠፋውን ለመተካት ተማሪው ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ማነጽ ግድ ይሆንበታል። በክረምቱ መዝጊያ አዝማሪዎቹ ልጃገረዶች በተጋበዙበት ምሽት ሥራው ይነበብ፤ ስማቸው ይጠቀስ፤ ቅጂውም ይድረሳቸው።

የአገር ጉዳይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው አይሆንም። «አደፍርስ»ን በአማርኛ የጻፈው ዳኛቸው ወርቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ለታተመው የእንግሊዝኛ ልቦለዱ መነሻ ያደረገው ወደ ዝቋላ የሚደረግን መንፈሳዊ ጉዞ ነው።

የክረምቱ ሳምንታት ጥቂት፣ የአማካሪው ሸክምም ከባድ መሆኑ እሙን ነው። ነገር ግን የተተረጎመውና የተተነተነው ስንኝ ለመመረቂያ ጽሑፉ ምዕራፍ ስለሚሆን ድካሙ በከንቱ አይቀርም። አዲስ ሕንፃም አይጠይቅም፤ በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ በሰሜኑ ጦርነት ከባድ ዘረፋና ውድመት ለደረሰበት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና አድማጭ ነው። የጎብዬ ልጅ መምህር ሆኖ ለትምህርት ሲመጣ የእናቱንና የእኅቶቹን ግጥም ከግቢው በር ውጭ ጥሎ እንዲገባ ማድረግ፣ የሚጽፍበትን ነገር ነጥቆ ብዕር እንደ መስጠት ይቆጠራል።