ዶሮ ስንገዛ ጤንነቷን እንዴት እንለይ?

የበዓል ሰሞን በደረሰ ቁጥር በሾላም ሆነ በመርካቶ፣ እንዲሁም በየመንደሩ ጉሊት የዶሮ ገበያው መድመቁ የታወቀ ነው። አብዛኛዎቻችን እናቶች ዶሮ ስንገዛ የምናየው ክብደቷን፣ የላባዋን ቀለምና ዋጋዋን ነው። ክንፏን ይዘን አንሥተን እንመዝናለን፤ ደረቷን እንዳስሳለን፤ ከዚያም ወደ ክርክሩ እንገባለን። ስለ ጤንነቷ የምትጠይቅ ግን ጥቂት ናት። ለወጥ የምትገዛዋም ሆነች እንቁላል እንድትጥል በግቢ የምትረባው ዶሮ በሽታ ይዛ ከገባች ጉዳቱ ከአንድ ዶሮ ዋጋ የሚያልፍ ስለሆነ፣ በዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ጉዳይ እንመለከታለን።

በአገራችን ዶሮ አርቢዎች ዘንድ እጅግ የሚፈራው በሽታ ፈንግል ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ኒውካስል ይሉታል፤ ስያሜውም እ.ኤ.አ. በ1926 በሽታው ከታየባት የእንግሊዝ ከተማ የተወሰደ ነው። የሚመጣው በቫይረስ በመሆኑ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ክትባት ባላገኙ ዶሮዎች መካከል ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛዎቹን ሊፈጅ ይችላል። አንዲት ሠራተኛ እናት ከደመወዟ ቆጥባ 10 ቄብ ዶሮዎች ብታረባ፣ ለበዓል ተብላ የመጣች አንዲት በሽተኛ ዶሮ ሁሉንም ልታስጨርስባት ትችላለች ማለት ነው።

በበዓል ገበያ አደጋው የሚብስበትም ምክንያት አለ። በሽታ መንደሩ መግባቱን ያየ አርቢ፣ ሳይሞቱበት ዶሮዎቹን ወደ ገበያ ለማውጣት ይጣደፋል። ከየአቅጣጫው የመጡትም እግራቸው ተጠፍሮ ጎን ለጎን ይውላሉ። በዚህም ምክንያት ጠዋት ጤነኛ የነበረችው እስከ ማታ በሽታውን ልትወስድ ትችላለች።

እንግዲህ ምን ማየት ይገባናል? በመጀመሪያ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ጥቂት ራቅ ብለን እንመልከት። ዶሮ ጠላት የሚበዛባት እንስሳ በመሆኗ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ሰው ሲቀርባትም አንገቷን ቀና አድርጋ ጤነኛ ትመስላለች። ከሩቅ ስትታይ ግን በሽተኛዋ ላባዋን አንጨፍርራ፣ አንገቷን ቀብራ፣ ክንፏን ጥላ፣ ዐይኗን ከደን እያደረገች ታንቀላፋለች። ጤነኛዋ ግን እግሯ ቢታሰርም እንኳ ዐይኗ ንቁ ነው፤ ድምፅ ስትሰማ ዞር ትላለች፤ ጥሬ ቢጣልላት ትለቅማለች።

ቀጥሎም ከራሷ ጀምረን እንመርምራት። ዐይኗ ጥርት ያለ፣ አረፋም እንባም የሌለበት መሆን አለበት። ፊቷ ካበጠ፣ ከአፍንጫዋ ቀዳዳ ንፍጥ ከወጣ፣ ወይም ወደ ጆሮአችን ስናስጠጋት ሲር ሲር የሚል የትንፋሽ ድምፅ ከተሰማ የመተንፈሻ አካል ሕመም አለባት። በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ወደ ሰማያዊነት ወይም ወደ ጥቁረት ከተለወጠ መጥፎ ምልክት ነው። በዚሁ ሥጋና በዐይኗ ዙሪያ ኪንታሮት የመሰለ ቅርፊት ከታየ ደግሞ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል።

ከዚያም የደረቷን አጥንት እንዳስስ። አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት ከሾለና በግራ ቀኙ ሥጋ ከሌለ ዶሮዋ ከርማ የከሳች ናት። ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ በኩስ ተለውሶ እንደሆነም እንይ። ጤናማ ኩስ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ አለው። አረንጓዴና ውሃ የመሰለ ኩስ በፈንግል ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው፤ በጫጩቶች ላይ ደም የቀላቀለ ኩስ ሲታይ ደግሞ የአንጀት በሽታ መኖሩን ያመለክታል። አንገቷ የተጠማዘዘ፣ ወይም አንዱን እግሯን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ መቆም ያቃታት ዶሮ በምንም ዋጋ መገዛት የለባትም።

ይህ ሲባል ግን የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። የዶሮ ሰውነት ሙቀት በተፈጥሮው 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሆነ፣ በእጃችን ዳሰን «ትኩሳት አላት» ማለት አንችልም። በቀትር ፀሐይ ጤነኛዋም አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ስለዚህ የሚመረጠው የማለዳ ገበያ ነው። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ስትንገላታ የመጣች ዶሮም ልትደክም ትችላለች። ውሃ ብንሰጣት የደከመችዋ ጠጥታ ትነቃቃለች፤ የታመመችዋ ግን እንደ ፈዘዘች ትቀራለች።

ለእንቁላል የሚሆኑ እንደ ሳሶና ቦቫንስ ያሉትን ዝርያዎች የምንገዛ ከሆነ፣ የ45 ቀን ጫጩት ነው መባሉ ብቻ በቂ አይደለም። የትኛው ክትባት በስንተኛው ቀን እንደ ተሰጠ ሻጩን እንጠይቅ፤ የተጻፈ ማስረጃ ካለውም እንይ። የፈንግል ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ክትባት የሚከላከለው አስቀድሞ ሲሰጥ እንጂ በሽታው ከያዘ በኋላ አይደለም።

ገዝተን ከገባን በኋላም ጥንቃቄው አያበቃም። አዲሷን ዶሮ ከቤት ዶሮዎች ጋር ወዲያው አንቀላቅል። ቢያንስ ለ2 ሳምንት በተለየ ስፍራ፣ በተለየ የውሃና የመኖ ዕቃ ትቆይ። ጤነኞቹን አስቀድመን ከመገብን በኋላ ወደ አዲሷ እንሂድ፤ ከዚያም እጃችንንና ጫማችንን እንጠብ።

በብዙ ቤት «ሳትሞት ቶሎ እንረዳት» የሚል ልማድ አለ። የታመመች ዶሮ አርዶ መብላት ለቤተሰቡ ጤና የሚበጅ አይደለም፤ ላባዋንና አንጀቷን በግቢ መጣልም በሽታውን ለጎረቤት ማዳረስ ነው። የሞተችውን በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ብዙ ሲሞቱም በቅርብ ላለ የእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባል። ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ብትሆን ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ ልትይዝ ስለምትችል፣ በተለይ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ከዶሮ ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸው በሳሙና ይታጠብ። ዶሮ የተገነጠለበት መክተፊያም ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት።

ዶሮን ከሩቅ ማየት፣ ከራስ እስከ ጅራት መፈተሽና ስለ ክትባቷ መጠየቅ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስድም። ሻጩ «አይተሽ ግዢ» ካለን ደስ ብሎን እንይ፤ እንዳናይ ካስቸኮለን ደግሞ ወደሚቀጥለው ሻጭ እንለፍ።