የመኪናዎን ቴፕ ከማስቀየርዎ በፊት

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከማጀት የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ በየጧቱ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው ወደ ሥራ ገበታቸው የሚጣደፉ፣ መሪ የጨበጡ እናቶች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚነዱት በጃፓን አገር አገልግላ የመጣች ቪትዝ ወይም እሷን የመሰለች አነስተኛ ቶዮታ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለችውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የቤተሰቡ ሁሉ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህም ከፋብሪካ አብሮ የመጣውን ቴፕ አውጥቶ በሌላ ስለ መተካት ጥቂት ልንል ወደድን።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከራዲዮ ነው። መኪናይቱ በተገዛች ማግሥት ቴፑ ሲከፈት ከሽሽታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። «ተበላሽቷል፣ ይቀየር» የሚል መካሪም ወዲያው ይገኛል። ቴፑ ግን አልተበላሸም። በጃፓን የኤፍ ኤም ሥርጭት ሲካሄድ የኖረው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ባለው ሞገድ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት እስከ 95 ከፍ ተደርጓል። በእኛ አገር ግን ከ88 እስከ 108 ነው። ስለሆነም ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ም ሆነ ፋና 98.1 ወይም ሸገር 102.1፣ የጃፓኑ ቴፕ እጁን ቢዘረጋ ከማይደርስበት ቦታ ናቸው።

እንግዲህ ፍላጎትዎ ጧት ጧት ዜናና ሙዚቃ ማዳመጥ ብቻ ከሆነ፣ አዲስ ቴፕ መግዛት አያስፈልግዎትም። ሞገድ የምትቀይር፣ መጠኗ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም የማይበልጥ ዕቃ አለች። በአንቴናው ገመድና በቴፑ መካከል ትሰካለች፤ ከአየር የመጣውን ሞገድ ዝቅ አድርጋ ለቴፑ ታቀብላለች። ለምሳሌ ያህል በ20 ሜጋ ኸርዝ ዝቅ የምታደርገው ከሆነች፣ 102.1 በቴፑ ላይ 82.1 ሆኖ፣ 97.1 ደግሞ 77.1 ሆኖ ይገኛል። ከ96 በታች ያሉት ጣቢያዎች ግን በእሷ አይያዙም። በ14 ወይም በ16 ዝቅ የሚያደርጉም ስላሉ፣ ስንት እንደምትቀንስ ሳይጠይቁ አይግዙ። ድምፁ አንዳንድ ጊዜ እንደ አዲስ ቴፕ የጠራ ላይሆን ይችላል። ዋጋዋ ግን ከሙሉ ቴፕ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ደግሞም ምንም ነገር ሳይነካ መልሶ መንቀል ይቻላል። በእኛ አስተያየት ብዙ ቤተሰብ እዚሁ ላይ ቢቆም ወጪውን ያድን ነበር።

ሌላው ለመቀየር የሚያበቃው ምክንያት የስልክ ጥሪን በስፒከር መቀበልና የኋላ ካሜራ ነው። የኋላ ካሜራን እኛም እንደግፋለን። በግቢ ውስጥ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ቤት፣ ከመኪናው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚጫወተውን ልጅ በመስተዋት ማየት አይቻልምና።

ለመግዛት ከወሰኑ በኋላ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አያታልልዎ። «4 ጊዜ 60 ዋት» ይላል፤ ሲደመር 240 መሆኑ ነው። ከቴፑ ጀርባ ያለችውን ፊውዝ ቢመለከቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ናት። ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ከመኪናው የሚገኘው ኃይል 14 ቮልት ግድም ስለሆነ፣ በ10 አምፔር ቢባዛ 140 ዋት ይመጣል፤ ከዚህም ላይ ብዙው በሙቀት መልክ ይባክናል። እንደዚህ ያለ ቴፕ ለአንዱ ስፒከር ያለማቋረጥ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዋት ያህል ነው። ለትንሽ መኪና ይህ ይበቃል። ስለሆነም ባለ 60 በሚል ስም ብቻ ከባለ 50 አብልጠው አይክፈሉ።

ስፋቱንም ይለኩ። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ዳሽቦርድ ላይ ያለው ክፍት ቦታ 200 ሚሊ ሜትር ወርድና 100 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው። ለሁሉም መኪና ተብሎ የሚሠራው ቴፕ ወርዱ 178 ብቻ ስለሆነ ግራና ቀኙ ክፍት ይቀራል። ለቶዮታ የተሠራውን ባለ 200 ይጠይቁ፤ አለዚያም የጎን መሙያ ፕላስቲኩ አብሮ ይሰጥዎ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ፤ ይኸውም ሽቦው ነው። ከቶዮታ ቴፕ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሶኬቶች አሉ። ባለ 10ሩ ኃይልንና የፊት ስፒከሮችን፣ ባለ 6ቱ የኋላ ስፒከሮችን ያገናኛል። ለእነዚህ ልክ የሚሆን፣ በአንድ ወገኑ የመኪናውን ሶኬት የሚቀበል፣ በሌላው ወገን ወደ አዲሱ ቴፕ የሚሄድ መጋጠሚያ ተሠርቶ ይሸጣል። ያለ አንዳች መቁረጥ ይሰካል። ብዙ ሠራተኞች ግን ይህን ፍለጋ ከመድከም ይልቅ የፋብሪካውን ሶኬት ከሥሩ ቆርጠው ሽቦውን በእጅ ጠምዝዘው በፕላስተር ይጠቀልሉታል። «እትዬ፣ እኔ ሁልጊዜ የምሠራው እንዲህ ነው» ይልዎታል። እርስዎም «ወንድሜ፣ እኔ ደግሞ ሶኬቱ ሳይቆረጥ ነው የምፈልገው» ይበሉት፤ በጨዋ ደንብ፣ ነገር ግን ሥራው ሳይጀመር። ከተቆረጠ በኋላ የሚደረግ ክርክር ሽቦ አይቀጥልም።

እንዲህ አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የሽቦዎቹ ቀለም አንዱ ከሌላው አይገጥምም። በአዲሱ ቴፕ ላይ ቢጫው ዘወትር ከባትሪ ኃይል የሚቀበል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚያገኝ፣ ጥቁሩ ማሳ ነው። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ግን ዘወትር ኃይል ያለበት ሽቦ ቢጫ መሥመር ያለው ሰማያዊ፣ በቁልፍ የሚታዘዘው ግራጫ፣ ማሳው ደግሞ ቡኒ ነው። በግምት ሲታሰር ቀዩና ቢጫው የተቀያየሩ እንደሆነ፣ ቴፑ የመዘገቡለትን ጣቢያ ሁሉ ቁልፍ በነቀሉ ቁጥር ይረሳል። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ሁለቱም ዘወትር ኃይል ካለበት ጋር አብረው ከታሰሩ፣ ቴፑ ቁልፍ ቢነቀልም ላይተኛ ይችላል፤ ባትሪውን ሲጠባ ያድራል። ከቅዳሜ ጀምራ ቆማ የሰነበተች መኪና ሰኞ ጧት፣ ልጆቹ ቦርሳቸውን አንግተው ሲጠብቁ፣ አልነሣም ትላለች። ባትሪው አረጀ ተብሎ ሌላ የሚገዛም አይጠፋም።

የስፒከር ሽቦዎችንም ማሳ ላይ ማሰር ቴፑን ያቃጥላል። በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የታሰረው ደግሞ ፀሐይ ዳሽቦርዱን ባጋለችው ቁጥር ማጣበቂያው ይላላል፤ ራቁቱን የቀረው ሽቦ ብረት ሲነካ ኃይሉ ሁሉ በዚያ ይፈስሳል። ፊውዝ የተሠራችው ለዚህ ነው፤ እሷ ተቃጥላ መኪናውን ታድናለች። ፊውዝ ደጋግማ ስትበጠስ በሽቦ ቁራጭ ወይም በትልቅ ፊውዝ የሚተካ ሠራተኛ ካጋጠመዎ፣ ሥራውን አስቁመው መኪናዎን ይውሰዱ። የሚቀጥለው የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ነውና።

ስክሪን ባላቸው ቴፖች ላይ ከእጅ ፍሬን ጋር የሚገናኝ አንድ ቀጭን ሽቦ አለ። ሥራው የእጅ ፍሬን ካልተሳበ ፊልም እንዳይታይ መከልከል ነው። ይህችን ሽቦ በቀጥታ ማሳ ላይ ማሰር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መኪናው እየሄደ ፊልም ይታያል። አንዳንድ ደንበኛ ራሱ ይህ እንዲደረግለት ይጠይቃል፤ ልጆችም ይወዱታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዓይንዎን ለ2 ሴኮንድ ወደ ስክሪኑ ቢመልሱ፣ 22 ሜትር መንገድ ሳያዩ ሄደዋል ማለት ነው። በትምህርት ቤት በር ላይ 22 ሜትር ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚቆም እናቶች ያውቁታል። ሽቦዋ በቦታዋ ትታሰር። ባለቤትዎ ወይም ወንድምዎ መኪናውን ወስዶ የሚያሠራ ከሆነም ይህን አስቀድመው ይንገሩት።

ሥራው ሲጀመር በመጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ይነቀል። በቢጫ ሽፋን የተጠቀለሉ ሽቦዎች የኤርባግ ስለሆኑ ማንም በመፈተሻ እንዳይነካቸው። አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ አለ፤ የጃፓን ካርታ የሚያሳየው ዓይነት የፋብሪካ ቴፕ፣ ባትሪው አንድ ጊዜ ከተነቀለ በኋላ በጃፓንኛ ጽፎ የሚስጥር ቁጥር ወይም የራሱን ካርድ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በውስጡ ያለችውን ትንሽ ካርድ ማንም አውጥቶ እንዳይወስዳት፤ ከጠፋች ያ ቴፕ ዳግመኛ ላይከፈት ይችላል።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ቆመው ይፈትኑ። ድምፁን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየመለሱ አራቱንም ስፒከሮች ለየብቻ ያዳምጡ። ቁልፉን ነቅለው ጥቂት ይጠብቁና መልሰው ሲከፍቱ ጣቢያዎቹ መኖራቸውን ይመልከቱ። የኋላ ማርሽ አስገብተው ካሜራው መሥራቱን፣ ማታ የሚበሩት የዳሽቦርድ መብራቶችም እንዳልጠፉ ይዩ። አሮጌውን ቴፕ ከነብሎኖቹና ከነካርዱ ተቀብለው በአዲሱ ቴፕ ካርቶን ውስጥ አድርገው ከደረሰኙ ጋር ቁም ሣጥን ላይ ያስቀምጡት። አዲሱ አንድ ቀን እምቢ ቢል፣ ሶኬቱ ያልተቆረጠ መኪና አሮጌውን በጥቂት ደቂቃ መልሶ ይቀበላል።