ሞላ ከማስቆረጥ አሞርዛተር መቀየር

በከተማችን ወጣቶች ዘንድ የቶዮታ ዲኤክስ ፍቅር አላረጀም፤ መኪናዋ ግን 40 ዓመት አልፏታል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን አድሶ መንዳት ለብዙዎች የግድ ሆኗል።

ታዲያ ትንሽ ብር የያዘ ልጅ መጀመሪያ የሚያስበው ምንድን ነው? ሞላውን አስቆርጦ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ! በእኔ እምነት ይሄ “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” የሚባለው ነው። የተቆረጠ ሞላ ይጠነክራል፣ መጫወቻውም ያጥራል። ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ምቱ በቀጥታ ወደ ቦዲው ይሄዳል። ጎማው ከአስፋልቱ ሲነሳ ደግሞ ፍሬን ብትረግጡም በደንብ አይዝም።

እስቲ ቅደም ተከተሉን እናስተካክል። መጀመሪያ ያለቀ ጎሚኒ ይቀየር፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ የመሪውንም መወላገድ ይቀንሳል። ቀጥሎ አሞርዛተር። ዘይት ካንጠባጠበ፣ ወይም የመኪናዋን ጥግ ተጭናችሁ ስትለቁት ደጋግሞ ከዘለለ አልቆለታል። ለአራቱ ብር ካልበቃ የፊቱን ሁለት ወይም የኋላውን ሁለት አብሮ መቀየር ነው፤ አንዱን ብቻ መቀየር ግራና ቀኙን ያዛባል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ይገኛል፣ ግን ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው ከውጭ አይታይም። ስለዚህ አዲስ ይሻላል። ሞላው ካልተሰበረ ባለበት ይቆይ። በመጨረሻ አላይመንት ማሠራት አይረሳ።

ዝቅ ያለች ዲኤክስ እንደምታምር አይካድም። ከኋላ የሚቀመጡት ግን ጓደኞቻችንና ታናናሾቻችን ናቸው። መጀመሪያ ፍሬን ሲያዝ በደንብ ትቁም፤ ማማሩ ከዚያ ይደርሳል።