በጥልቅ ሐይቅ ሥር የሚጠራቀመው ጋዝ ከየት ይመጣል?

በረግረግ ጭቃ ላይ ዱላ ሲሰካ አረፋ እየፈነዳ እንደሚወጣ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ አረፋ አብዛኛው ሜቴን የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። ይኸው ጋዝ በሩዋንዳና በዴሞክራቲክ ኮንጎ ድንበር ላይ በሚገኘው በኪቩ ሐይቅ ሥር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ኩብ የሚገመት ተከማችቶ ይገኛል። የሐይቁ ጥልቀት 485 ሜትር ያህል ነው።

የጋዙ ምንጭ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በውሃው ላይ የሚበቅሉ ጥቃቅን ዕፅዋት ሞተው ወደ ሥር ሲዘቅጡ፣ ኦክሲጅን በሌለበት የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ያበሰብሷቸዋል፤ ከዚህም ሜቴን ይወጣል። ሁለተኛው፣ አካባቢው እሳተ ገሞራ ያለበት በመሆኑ ከምድር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ተሕዋስያኑም ይህን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕደው ወደ ሜቴን ይለውጡታል። የየትኛው ድርሻ እንደሚበልጥ ሊቃውንት አሁንም ይከራከራሉ።

ይሁን እንጂ ጥልቀት ብቻውን ጋዝ አያከማችም። በኪቩ ሥር ያለው ውሃ ጨዋማና ከባድ ስለሆነ ከላይኛው ጋር አይቀላቀልም፤ የላይኛውም ውሃ እንደ ክዳን ተጭኖ ጋዙን ያፍነዋል። ክዳኑ ቢናጋ ጋዙ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ይገነፍላል። ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ በድንገት የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,700 ያህል ሰዎችንና በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶችን አፍኖ ገድሏል።

በአንጻሩ ሩዋንዳ የሐይቁን ሥር ውሃ በቧንቧ ወደ ላይ እየሳበች ጋዙን በመለየት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ 26 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዕቅድ የወጣው ጋዝ ሀብት፣ ታፍኖ የተተወው ግን ስጋት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ ይህ ለእኛ ገበሬ ምን ይጠቅመዋል? በኪቩ ሥር የሚሠሩትን የመሰሉ ተሕዋስያን በከብቶቻችን እበት ውስጥም አሉ። እበት በውሃ ተበጥብጦ አየር በማያስገባ ጉድጓድ ሲከደን የሚገኘው ባዮጋዝ ከግማሽ በላይ ሜቴን ነው። እበት በኩበትነት ሲነድ መሬቱ ማዳበሪያውን ያጣል፤ በባዮጋዝ ጉድጓድ ሲያልፍ ግን እሳቱ ለምድጃ፣ ዝቃጩ ለማሳ ይተርፋል።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከብትና ውሃ በአቅራቢያቸው ያላቸውን አባላት ለይተው ከግብርና ባለሙያ ጋር ሊያገናኟቸው ይገባል። ጉድጓዱ ሲሠራ ክዳኑና ቧንቧው ጋዝ እንዳያሾልኩ ያስፈትሹ። ሥራ ላይ የዋለ ጉድጓድ ውስጥም ለጥገናም ሆነ ለመጥረግ ባለሙያ ሳይኖር ማንም እንዳይገባ ያስጠንቅቁ። ጋዙ ምግብ የሚያበስለውን ያህል ሰውን አፍኖ ሊገድል እንደሚችል ለአባሎቻቸው ማስረዳት የመሪዎች ኃላፊነት ነው።